ርባ ግስ በጌቲንገን

ጌቲንገን ዝናብ ነው፤ ጥቅምት ሊገባደድ፣
ተቋሙ ቤት ለቆ ወደ ሌላ ሊሄድ፣
ተሸካሚው እኛ፣ እኔና ሮጅሃት፣
ደረጃው ስልሳ ነው፤ ሊፍቱ የሞተበት።

ሳጥኑ የጫማ፣ ውስጡ ግን ካርድ ነው፣
ዶክተር ሎመን አርባ ዓመት የጻፈችው፣
የኢራን ልሳናት ግስ የለቀመችው፤
ላንድ ግስ አንድ ካርድ፣ ከነዘር ማንዘሩ፣
ዘሩ የጠፋ እንደሁ፣ ከነመቃብሩ።

ወርጄ ወርጄ መሐል ላይ ስደርስ፣
የሳጥኑ ቂጥ ለቆ፣ ግስ በግስ ላይ ሲፈስ፣
ደረጃው ሞላ፦ «በላ»፣ «ሞተ»፣ «መጣ»፣
«ጠጣ» ተገልብጦ፣ ከጭቃ ጫማዬ ውሃ እየጠጣ።

አንዷን ካርድ አነሳሁ፤ «ባር» ትላለች አናቷ፣
አንዲት ትንሽ ኮከብ ተሰክታ ፊቷ።
ሎመን ከላይ ሆና፦ «ኮከብ ያለበት ሥር፣
ማንም አልሰማውም፤
ልጆቹን አይተን ነው አባት የምንፈጥር።»

ከኮከቡ በታች፦ «አባራ»፤ አመጣ፣
በገደል የተቀረጸ፣ ለንጉሥ ግብር ሲመጣ።
«ቦርዳን» አለው ፋርሱ፣ «ባራግ» አለው በሉቹ፤
ፓሽቱን ተራራ ሲወጣ ከበደው መሰለኝ፣
ቤትን ጥሎ ዋዌን ይዞ ገባ።

ሮጅሃት ሲጋራውን ጆሮው ላይ እንደሰካ
ካርዷን ተቀበለኝ።
«እኛ ጋ “ዲቢም” ነው» አለ፣ «እወስዳለሁ፣ እሸከማለሁ።
“ዲቢም” ደግሞ እሆናለሁ ነው። አፍ ላይ ሲወጣ አንድ ነው።
ከአሚድ ስወጣ እናቴ በር ላይ ቆማ
“ቱ ቺ ዲቢ?” አለችኝ፤
ምን ትወስዳለህ ይሁን፣ ምን ትሆናለህ፣
ሳልጠይቃት አውቶቡሱ ተነሳ።»

«“ረ”ውስ የት ገባ?» አልኩ፣ ካርዷን እያየሁ።
«መንገድ ላይ ወደቀ» አለች ሎመን፣ እንደ ቀላል ነገር፤
ብዙ የተሸከመ፣ ከገዛ ፊደሉ ሳይቀንስ አይቀር።
ቀጥላም፦ «የኛው “ገቤረን”፣ መውለድ፣ የዚሁ ዘመድ ነው፤
ሸክሙ ማኅፀን ገብቶ ነው ልጅ የሆነው።»

የኔ አፍ ካርዱ ላይ የለም። ፈለግሁ፤ የለም።
መሪጌታ ሥምረት ግስ ሲያስቆጥሩኝ ግን
አንድ ቀን ሙሉ ያስደገሙኝ ትዝ አለኝ።
«“ጾረ”» አልኳት፣ «ተሸከመ ነው፤ በግዕዝ።
ያረገዘችም “ጾረት” ትባላለች።»

ዝም አለች። ዝናቡ መስኮቱን ያንኳኳል።
እርሳስ ከፀጉሯ መዘዘች፤ ካርዷ ሞልቷል፣
በጠርዙ ላይ፣ በጠባቡ፣ ጥምዝ ብላ ጻፈች፦
«ጾረ»፤ ኮከብ የለውም፤ ሰው ሰምቶታል።
አጠገቡ፦ «ዘመድ አይደለም።»
ዘመድ አይደለም ብላ ጻፈች፤
ግን ጻፈች።

ግሶቹን ለቀምን፤ ተራቸው ጠፍቷል፣
«ሞተ» ከ«ተወለደ» በፊት ገብቷል።
ሮጅሃት ከታች ያዘ፣ እኔ ከላይ፣
መዳፌን በተቀደደው ቂጥ ስር አድርጌ፤
ደረጃው ገና ሠላሳ ይቀረዋል።