የሚዛን ጸሐፊው ገል

መምህር ኢድሪስ ናቸው መጽሐፉን ያዋሱኝ፣
"ሥራ የፈታ ዓይን ዝንብ ነው የሚቆጥር" ብለው የወቀሱኝ።
ከዚራ፣ ጥላ ሥር፣ በዘጠኝ ሰዓት ሙቀት
ገለጥሁት፤ ግብፅ ነው፤ ሮማ የገዛችው የደረሰኝ መሬት።

ገል ላይ ነው የጻፉት፣ ከሰበር እንስራ።
ደንገሉ ለጌታ፣ ገሉ ለገባሪ፤
መሀል ላይ ጸሐፊ፣ እንደ እኔ ቆጣሪ።

"ሆሮስ የፓሞንት ልጅ፣ ዕድሜው አርባ ስድስት፣
ግራ ቅልጥሙ ላይ ጠባሳ ያለበት፣
የነፍስ ወከፍ ግብሩን ሃያ አራት ድራክማ
ከፍሏል" ይላል ገሉ። ሌላ አይናገርማ።
ይስቅ ነበር ወይ? ዘፈን ይወድ ነበር?
ገል ይህን አይጽፍም፤ የገል ሥራው ግብር።

ሮማዊው አይከፍልም፤ የእስክንድርያው አይከፍልም፤
ግሪክኛ ለሚያውቅ ከተሜ ይቀነሳል፤ ከአራሹ ላይ ግን ሳንቲም አይጎድልም።
አፈሩ ከእኛ ነው፣ ከላይ የወረደ፤
ስንዴው የሆሮስ ነው፣ በላቡ ያጨደ፤
ዳቦው ግን ሮማ ነው፤ በመርከብ ተጭኖ ባሕሩን ቀደደ።
የዓባይን ሙላት በክንድ ይለኩታል፣ ግብሩም አብሮ ይሞላል።
ደቻቱን ማን ለካው? ዓመቱን አሸዋ ነው፣ የፍየል መንገድ፤
አንድ ሌሊት ሲመጣ ያለ ደረሰኝ ነው ሰው የሚወስድ።

ከመርከቡ ጋራ አንዲት ትንሽ ከረጢት ትሄዳለች፣ በማኅተም የታሰረች፣
የስንዴው ናሙና፤ ሌባ አሸዋ ቢቀላቅል ምስክር የሆነች።
እዚህ ስደርስ ሳቅሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡር ሚዛን
ማኅተም ስመታ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁ፣ ቆዳና ቦሎቄ ወደ ጅቡቲ ስንጭን።

ቀጥሎ ያለው ገጽ ሳቄን ወሰደው።
ስሙ የተቀደደ አንድ አህያ ነጂ አቤት ይላል፤
"ጌታዬ ሆይ፣ የጎተራው ጸሐፊ ሁለት መስፈሪያ አለው፤
በትልቁ ይቀበለኛል፣ በትንሹ ነው መዝገብ ላይ የሚጽፈው።"

መጽሐፉን ዘጋሁት። ላብ አጠመቀኝ።
ሮብሌን አስታወስሁ፤ ወይም ሮብሌ ነው እኔን ያስታወሰኝ።
ሮብሌ ጉሌድ፣ ተሸካሚ፣ በኩንታል የሚከፈለው፣
መቶ ኪሎ ተሸክሞ ሲመጣ ዘጠና አምስት ብዬ የጻፍሁለት ሰው።
"አለቃ ነው ያዘዘኝ።" ይህቺ ቃል ሁለት ሺህ ዓመት ሳትሻግት ኖረች፤
ከጎተራ ወደ ጣቢያ፣ ከደንገል ወደ ካርቦን ወረቀት ተዘዋወረች።
የአምስቷ ኪሎ ዋጋ ግማሹ ለአለቃዬ፤
ግማሹ የልጄ ጫማ ሆነ። ይኸው ነው ኑዛዜዬ።

ግብፅ ደረቅ ነች፤ የጣለችው ቆሻሻ እንኳ ሳይበሰብስ ይመሰክራል።
እዚህ ምስጥ አለ። መዝገቤን በልቶ ሽፋኑን ትቶታል፤
ሽፋኑ ላይ ስሜ ይነበባል።

ቅዳሜ ታይዋን ወረድሁ። የሮብሌ ልጅ ዲርዬ እዚያ ሱቅ አለው፣
ሽቶ፣ የእጅ ባትሪ፣ ምንጣፍ።
የጓሮ እንስራዬ ስባሪ ላይ ጽፌ ነበር የሄድሁት፤
"ሮብሌ ጉሌድ፣ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ጠባሳ ያለበት፣
በየኩንታሉ አምስት ኪሎ ከእኔ ላይ አለው። ጸሐፊው።"
ከገሉ ሥር በፖስታ ብር፤ ስንት እንደሆነ አልናገርም፣ አይበቃም።

ዲርዬ ገሉን አገላበጠው። አባቱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት።
ደንበኛ መጣ፤ ባትሪ ሸጠ፤ መልስ ቆጠረ፤ ተመለሰ።
"ሒሳቡን እኔ አላውቅም" አለኝ።
"ግን ጠባሳው ጉልበቱ ላይ አልነበረም።
አገጩ ላይ ነው። ልጅ ሳለ ግመል ነክሶት።"

ፖስታውንም ገሉንም መለሰልኝ።

ወደ ቤት ስሄድ፣ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሜ ሆሮስን አሰብሁት፤
ያን ግራ ቅልጥሙን። ማን ነበር ያየለት?