ሦስተኛው ፊት

አርብ ነው፣ ዕረፍቴ። ሙሐረቅ፣ ከጠባቡ ሰፈር፣
ይህ ቤት ዱሮ ጊዜ የዕንቁ ነጋዴ ነበር፤
አሁን ሥዕል ያድርበታል። «እጆቿ» ይላል በሩ።
«መግቢያው በነጻ ነው» አለችኝ መፍቱሃ፣
«ስለ ሴት ነው አሉ፤ ደሞም ቀዝቃዛ ውሃ።»

ምን ጠበቅሁ? እውነቱን?
ሥዕል ማለት ለእኔ ከማዳም አልጋ በላይ ያለችው ናት፤
አበባ የታቀፈች፣ ዓይኗን የሰበረች፣
በየሳምንቱ አቧራ የምጠርግላት ሴት፤
ስሟን የማላውቀው፣ ስሜን የማታውቀው።
እሷን መሳይ ጠብቄ ነበር። ብዙ እሷን።

ገባን።
አንዱ እጅ የመኪና መሪ ጨብጧል፣
አንዱ ብዕር ይዟል፣ አንዱ ሂና ሞቋል፤
አንዲት አሮጊት መረብ ትቋጥራለች፣ ጣቷ እንደ ዝንጅብል፤
እሷን ወደድኳት። ቆምኩ፣ መፍቱሃ «ነይ እንጂ» እስክትል።

ከዚያ ሙሽራዋ። ግድግዳ ያከለ ፎቶ፣
ነጩ ቀሚስ ወርዶ፣ ወለሉን ሞልቶ፤
ከጥግ በኩል፣ ከክፈፉ አፋፍ፣
ጨርቁ እንዳይቆሽሽ የሚያነሳ እጅ አለ፤
ከአንጓው የተቆረጠ፣ ባለቤት የሌለው፣
ከአውራ ጣቱ ሥር የካውያ ጠባሳ፣ ግማሽ ጨረቃ ያከለ።

እጄን ከቦርሳዬ አወጣሁ።
መፍቱሃ አየችው፤ ፎቶውን አየች፤
«ያንቺ ነው እንዴ?» አለች፣ ሳቋን እየዋጠች።
የእኔ አይደለም። የእኔው በግራ ነው።
ካውያ ግን ሲያትም ግራና ቀኝ አይመርጥም።

«እስኪ ጽሑፉን አንብቢልኝ።»
የእኔ ዐረብኛ ከማድ ቤት አይወጣም።
አነበበች፦ የሙሽራዋ ስም፣ የፎቶ አንሺዋ፣
ዓመቱ፣ የወረቀቱ ዓይነት፣
ቀሚሱን የሰፋው ሰው ሳይቀር።
«ሌላስ?»
«ሌላ የለም።»

መውጫው ላይ አንዲት ልጅ፣ ትሑት፣ ስክሪን ዘርግታ፣
«እንደጠበቅሽው ሆነ? ረካሽ?» አለችኝ ፈገግታ ሰጥታ።
አምስት ፊት ተደርድሯል፣ ከሚስቀው እስከሚያኮርፈው።
ጣቴ አየር ላይ ቀረ።
ከጠበቅሁት በላይ አግኝቻለሁ፤
ያንን እጅ ማን ያስበው ነበር?
ታዲያ ይሄ የሆነ ነገር ጉሮሮዬን የያዘው
በየትኛው ፊት ይነገራል?

ሦስተኛውን ነካሁ፤ የማይስቀውን፣ የማያኮርፈውን፤
ሥራ ላይ የምለብሰውን፣ የገዛ ፊቴን።
«ሹክረን» አለች። ጣቴ ያረፈበትን በጨርቅ ጠረገች።

ውጭው እሳት ነው።
«ውሃውን ረሳነው!» አለች መፍቱሃ።
«ላምጣ» ብዬ ተመለስኩ።
የውሃው ማሽን ከበሩ አጠገብ ነበር።
እኔ በሙሽራዋ በኩል ዞርኩ።