አልተበረረም

ሐይቅ ዳር ሜዳችን ላይ ሊማር የመጣ ሰው፣
ክንፍ ከመንካቱ በፊት እጄን ነው የማሳየው።
ሁለት ጣት የጎደለው፣ ይኸው ቀኝ መዳፌ፣
ሌላ ፊደል የለኝ፣ ይኼ ነው መጽሐፌ።
«ምን በላው?» ይላሉ።
«ችኮላ» እላለሁ።

ኮምቦልቻ ሳለሁ ባጃጅ ስፈታታ፣
ሞተር አይፈራኝም፣ አልፈራው ለአንድ አፍታ።
ይኼ ግን በጀርባ የሚታዘለው ነው።
ማንም ሳያዝለው መሬት ላይ አቆምኩት፤
ነዳጅ መስጫው ተይዞ እንደቀረ ሳላይ
ገመዱን ሳብኩት።
ጮኸ፤ ወደ እኔ ዘለለ።
ደሜን መጀመሪያ ሣሩ ላይ አየሁት፤
ሕመሙ ኋላ ነው የመጣው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከሐይቁ ማዶ ሠርግ አለ።
የሙሽራው አጎት ቀብድ ከፍሏል፣
ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ
ከሰማይ አበባ እንዲዘንብ።
አበባው በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ መጥቷል።
ጦይባ ታጥቃለች።

የእግር ቀበቶ፦ ግራ። ቀኝ። ሁለቱንም ስቤ አየሁ።
(አምና ይመር አንዱን ረስቶ ተነሣ፤
በብብቱ ተንጠልጥሎ የሰው ጤፍ ማሳ አለፈ፤
ወርዶም ሦስት ቀን ቃል አልወጣውም።)
ተጠባባቂ ጃንጥላ፦ ፒኑ በቦታው።
የነዳጅ ቱቦ፦ ደረቅ፣ አላላበውም።
የክንፉን ገመዶች እሷው ራሷ
እንደ ሕፃን ጠጉር ለያይታ አበጠረች።
«ሽቦ ከላይ አይታይም» አልኳት፣ «ምሰሶውን ፈልጊ።
ሐይቁንም አታቋርጪ፣ ዳር ዳሩን ሂጂ፤
ሃያ አምስት ኪሎ ብረት ዋና አያውቅም።»
«ነግረኸኛል» አለች።
«ደግሞ እነግርሻለሁ።»

አምስት ሰዓት ከሩብ።
ከአሮጌ የዝናብ ልብስ የሰፋነው የነፋስ ከረጢት
ወደ ሐይቁ ጠቆመ፤
ወደቀ፤
ወደ ተራራው ዞረ፤
ደግሞ ወደቀ፣ የሰከረ ሰው እጅጌ መሰለ።
ፀሐይ ገደሉን ስታግል
ከጀርባው ያለው አየር ድንጋይ እንደመታ ጎርፍ ይሽከረከራል፤
እዚያ የገባ ክንፍ ጨርቅ ነው።

ስልኩ ጮኸ። አጎትየው ነው።
«የት ናችሁ? መኪናው ደረሰ እኮ!»
«ነፋሱ…» አልኩ።
«አብሽር! ቅጠል እንኳ አያነቃንቅም!»

እንድትጠይቀኝ ጠበቅኩ፣ እንቢ እንድላት።
አልጠየቀችኝም።
ከረጢቱን አየች፤ ማዶውን አየች፤
ቀስ ብላ የደረቷን ማሰሪያ ፈታች።
«ሳይወጡም መውረድ አለ» አለች፣
«እሱ ውርደት አይባልም።»

አበባውን በባጃጅ ላክነው።
ሲደርስ ሙሽራዋ ዳስ ገብታለች፤
ሕፃናት ተሻምተው እርስ በርሳቸው ተወራወሩበት።
ቀብዱን እስከ መጨረሻዋ ብር መለስን።

ከሰዓት በኋላ
(ይኼንንም መናገር አለብኝ)
ነፋሱ ሞተ።
ሐይቁ እንደ ተዘረጋ ሰሌን ተኛ፣
ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ።
በመንገድ ያለፈ ሁሉ ቀና ብሎ አየና፣
«ይኼን ቀን ነው የፈራችሁት?» አለን።

ምን ልመልስ?
ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለው፣
ጠባሳ የለው፣ ለቅሶ ደራሽ የለው፤
ፈሪ ለመባል ብቻ ነው ባለቤት ያለው።
ምናልባት ብትበር ኖሮ
ጮቤ እየረገጡ ይቀበሏት ነበር።
ምናልባት።
በዚያ ቃል ላይ ሰው አይሰቀልም።

ማታ መዝገቡን አወጣሁ፤
በሦስት ጣት ጻፍኩ፦
ጦይባ እንድሪስ። ሞተር ደህና። ነዳጅ ሙሉ።
ነፋስ ሁለት ልብ።
አልተበረረም።

እሷ በፋኖሱ ብርሃን ክንፉን ታጥፋለች።
ሳታየኝ ጣቶቿን ቆጠርኩ፤
አሥር ናቸው።