ካርታው በረሃ ነን ይላል

ከሌሊቱ ስምንት፣ ጥበቃው የኔ ነው።
ከሖር ፈካን ማዶ መልሕቅ ከጣልን ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ነው።
የከተማው መብራት፣ ከተራራው እግር፣ እንደ ተበተነ ጨው፤
የመርከቧ ሆድ በድፍድፍ ነዳጅ ጢም፣
የራዲዮው ጉሮሮ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ፤ ከዚያ ዝም።

ስክሪኑን አየሁት። በረሃ ነን ይላል።
ጠብታ ውኃ በሌለበት፣ አውሮፕላን ሜዳ ላይ፣ አስፋልት ረግጠን ቆመናል።
ብቻችንን አይደለም፤ አርባ መርከብ አብሮን
ነዳጅ የጫነው፣ ስንዴ የጫነው፣ በግ የጫነው፣
እህል እንደሚያበራይ በሬ፣ አውድማ ላይ ይዞራል፤
ጅራፉን የያዘው የትኛው ጌታ ነው?
ካርታው እሱን አይልም።

መስኮቱን ከፍቼ እጄን ወደ ውጭ ላክሁ፤
ርሶ ተመለሰ።
የሰማዩን ዓይን ትቼ እጄን አመንሁ።

ባሕር ዳር ስንማር መምህር ሻረው ነበር፣
ባሕር ሳያይ ኖሮ ባሕር የሚያስተምር፤
«ሳተላይት ሎሌ ነው» ይለን ነበር፣ «ጌታው የከፋው ቀን
አንተን አያውቅህም። ኮከብ ቁጠር፣ ወንድም!»
ሳቅንበት ያን ጊዜ።
አሁን ልቆጥር ብዬ አንገቴን ባቀና
ግማሹ ይሄዳል፤
ኮከብ አልነበረምና።

ወዲህ ያለው ጌታ ከተማ የሚያክል ብረት ያንሳፍፋል፤
ወዲያ ያለው ደግሞ ከጓሮ ጋራዥ ውስጥ፣
ከሞተር ሳይክል ልብ ክንፍ ይቀጥላል።
በታክሲ ዋጋ የተሠራውን፣
በሆስፒታል ዋጋ ተኩሶ ይጥላል ያኛው፤
የላከው አይናደድ፣
ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል፦ «ተኩስ፣ ካዝናህ እስኪሳሳ!»
አንዱ ሳተላይት ሲሰቅል ሌላው ጭጋግ ይሰቅላል፤
ይሄ ፈንጂ ሲቀብር፣
ያ ፈንጂ የሚያሸት የብረት ዓሣ ይወልዳል።
አጥር እንደተጋፉ ጎረቤታሞች ናቸው፦
ያ አንድ ክንድ ሲጨምር ይህም አንድ ክንድ ጨመረ፣
ጨመረ፣
ፀሐይ የሁለቱንም ግቢ ረስታ መሄድ ጀመረች፤
ጎመኑም በየመደቡ ገረጣ።

«ሰው አልባ» ነው ስሙ፣ እኛው ያወጣንለት፤
ሲነሣ እውነት ነው፣ ማንም የለበት።
ስሙ የሚጸናው ግን ካረፈ በኋላ ነው፤
ሰው አልባ የሚሆን
ያረፈበት ቤት ነው።

ተራዬ አልቆ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ፣
ጎሕ ሲቀድ ኹመይስ መጣ፤
በእንጨት ጀልባው ውኃና ቲማቲም ጭኖ፣
ሰባ ዓመቱን ጭኖ፣ ባንድ ጆሮው ብቻ እየሰማ።
የልጁ ልጅ ወዲህ፣ ራዳር ክፍል ያድራል።
የእህቱ ልጅ ወዲያ፣ ከባሕሩ ማዶ፣
እሱም ራዳር ክፍል።
አንድ ሠርግ ላይ ተቃቅፈው ጨፍረው ነበር፣ አለኝ ባለፈው፤
አሁን ሁለቱም በየጨለማቸው
ሽማግሌውን ያዩታል፦ የምትንቀሳቀስ ነጥብ፣
ስሟ ያልታወቀ፣
ጣት የሚያስነሣ።

«ሳተላይቱ ሲዋሽ በምን ትመጣለህ?» አልሁት
በሰባራ ዐረብኛዬ፣ የስልኬን ካርታ እያሳየሁ።
አፍንጫውን ነካ። ተራራውን አሳየኝ።
ከዚያ ካርታውን አይቶ፣
መርከብ የሚያህል ነገር አሸዋ ላይ ተጎልቶ አይቶ፣
ሳቀ፣ እስኪያስለው።
አንድ ሣጥን ቲማቲም በገመድ ላከልኝ።
ሒሳቡን ስጠይቅ እጁን አወናጨፈ፦
«በረሃ ላይ ያገኙትን እንግዳ
ዋጋ አይጠይቁትም።»

ሄደ።
እየራቀ፣ እያነሰ፣ ነጥብ ሆነ።
ሦስት ሰው አየነው፤ ወዲህ ያለው ልጅ፣ ወዲያ ያለው ልጅ፣ እኔ።
እነሱ ምን ብለው እንደ መዘገቡት አላውቅም።
እኔ በደብተሬ
«ቲማቲም» ብዬ ጻፍሁ።