አውራ ጣት

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ቤት ሠራሁ በዕቁብ ብር፣ በእንጨትና በጭቃ።
መቃኑ ሥር አንድ ቀን፣ ቀጭን የአፈር መስመር
አይቼ ሳቅሁበት፤ "ይኼ ደግሞ ምን ችግር!"
ላምባ ረጨሁበት፣ አመድ ነሰነስኩ፣
የተቃጠለ ዘይት ከጋራዥ ለመንኩ፤
ስንቅነሽ "ባለሙያ፣ ሰው ጥራ" ብትለኝ፣
"ለምስጥ? ለዚች ነጭ ትል? እኔ አላንስም" አልኩኝ።

ሁለት ወር ዝም አለ።
ዝምታውን ድል አልኩት።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ማታ፣ የጨቀየ ቦቲዬን ሳወልቅ
መቃኑን ተደገፍኩ፤
አውራ ጣቴ ገባ፣ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ።

ቱጁባ ከገላን በሞተር ደረሰ።
መድኃኒቱን አላወጣም፤ ጆሮውን አስጠግቶ
ግድግዳውን አንኳኳ፣ እንደ ሐኪም ደረት።
"ላምባህ መች ገደለ? መንገድ ነው ያስቀየራቸው፤
ከበር ወደ ጣራ አንተ ነህ የነዳሃቸው።"
ኮርኒሱን ገለጠው፦
ከወራጁ የተረፈው ሚስማሩ ነው።

"መቼ ልጠራህ ይገባኝ ነበር?" አልኩት።
"የሳቅህ ለት" አለች ስንቅነሽ፣
ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል።

አዲስ መቃን ገባ።
አሮጌውን ቁራጭ፣ ጣቴ የበሳውን፣ መስኮት ላይ አኑራዋለች፤
ቧንቧው ሲያንጠባጥብ መፍቻዬን ሳነሳ
ወደዚያ ታያለች።