አመድ አፋሽ

ታኅሣሥ ነው፤ ሰይቅ መንደር፣ ጀበል አኽደር አናት፤
ሮማኑ ራቁቱን ቆሟል፣ ቅጠሉን ውርጭ በልቶበት።
ታች መስከት ዛሬም ሰው ኤሲ ከፍቶ ያድራል፤
እዚህ ውሃው በባልዲ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ይጋገራል።

ሰይፍ ለእናቱ ለዙወይና ከጣልያን ያስመጣው ምድጃ
ሳሎን ተተክሏል። ግንድ አይበላም፤
ሰጋቱራ ነው፣ እንደ ክኒን የተጠቀጠቀ፣ በጆንያ የሚሸጥ።
ጠቅ… ጠቅ… እያለ፣ እየቆጠረ ይውጣል፤
ሆዱን በመስታወት ያሳያል።
በሦስተኛው ቀን ግን አያሳይም።

«ቲብላ፣ ዓይኔ ጠፋ» አለችኝ አንድ ማታ
(ትብለጥ ለምላሷ ይረዝማል)፣
«እሳቱ ደበዘዘብኝ፣ የነበረው ባንዳፍታ።»
ሰይፍ ደንግጦ ጫናት፣ መስከት፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ፤
ግማሽ ቀን ቁልቁል መንገድ፣ ግማሽ ቀን ሽቅብ መንገድ።
እነሱ ሲሄዱ በጣቴ አንድ መስመር ሳብ ባደርግበት፣
የታመመው ዓይን ተገኘ፤ ጥላሸት ነበር ያለበት።

የሚረጭ መድኃኒት ነበር፤ ጉሮሮዬን ቧጠጠው፣
ጥላሸቱን ግን አለቀለቀው እንጂ አላነሣው።
ጋዜጣ አረጠብሁ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበውን፤
ከራሱ ከምድጃው ሆድ አመድ ነከርሁ፣
ነጩን፣ የላመውን፣
እሳቱ ሳይለኮስ፣ ገና በማለዳ፣
ክብ፣ ክብ፣ ክብ አሸሁ።
መጀመሪያ ጭቃ ሆነ።
ቀጥሎ ቡናማ እንባ።
ቀጥሎ የእኔ ፊት።

ያገሬ ሰው ለከንቱ ልፋት «እጄ አመድ አፋሽ» ይላል፤
«እሳት አመድ ወለደ» ብሎም በሰው ልጅ ይሳለቃል።
አመድ አፋሽስ ነኝ፤ ደሞዜም በሱ ነው፤
የእሳትን ፊት ያጠበው ግን ያ የናቁት ልጁ ነው።

ጆንያውንም ከጽጌረዳ ማፍያው ጎጆ፣ ከርጥበቱ አወጣሁት፤
የአየር ማስገቢያውን በሚስማር፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ጠረግሁት።

ጠብታ ይዛ ተመለሰች።
ያን ማታ መስታወቱ እንደሌለ ሆነ፤
ነበልባሉ ምንጣፉ ላይ ሊራመድ ምንም አልቀረው።
ሰይፍ ሳቀ፤ «መስታወቱ ነው ለካ!»
ዙወይና አልሳቀችም።
አንገቷን አስግጋ ብዙ አየች፣ ዝም ብላ አየች፤
«ቲብላ፣ አሁንም ደብዝዟል፤ እስቲ ጥረጊው» አለች።

ሰይፍ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መስታወቱ።
ደረቅ ጨርቅ አነሣሁ፤ ተንበረከክሁ፤
ይፋጃልና አልነካሁትም፤
አንድ ጣት ያህል ርቄ
አየሩን ጠረግሁት፣ ቀስ ብዬ፣ ክብ፣ ክብ።
«አሁንስ?»

«አሁን ደኅና ነው» አለች፣
ጠብታውን ከሻሿ ጫፍ እየፈታች።