አትንኩት

ከዚራ፣ ከኒሞቹ ጀርባ፣ የውሃ ክፍያ ቢሮ፣
ሌሊቱ ተጋምሷል፤ የቀኑ ሙቀት ግን ግድግዳው ውስጥ አለ አድሮ።
ማራገቢያው ከላይ ያዛጋል፣
ሰርቨሩ ከታች ያቃስታል፣
እኔ መሀል ላይ፣ ሸሚዜን አውልቄ፣
ሁሉን ላድስ ተነስቻለሁ፣ ወገቤን ታጥቄ።

ከርነሉን ለወጥኩት፣
ዳታቤዙን ለወጥኩት፣
የፕሪንተሩን ጠባይ ሳይቀር እንደ ልጅ ቀጣሁት።
መጨረሻው ላይ ግን ማሽኑ ጠየቀኝ፦
«ማስነሻው አርጅቷል፤ ልተካው?» አለኝ።

ማስነሻው ሊሎ ነው።
እኔ ሀሁ ስቆጥር እዚህ የነበረ፣
ዲስክ ሁለቴ ሲሞት በቅጂ የተሻገረ፣
ከደጃፉ ላይ፣ በመጀመሪያዋ ጠባብ ክፍል፣
ኩርምት ብሎ የሚያድር፣ ዋርድያ የሚመስል።

የሱን ፋይል ከፈትኩት። ከመሰላሏ ምልክት ኋላ
አንዲት ቃል ተጽፋለች፣ ምክንያት የላት ሌላ፦
«አትንኩት።»

የኢፍቱ ቃል ነው። አለቃዬ ነበረች።
ዛሬ ጡረታ ወጥታ፣ ኤረር ላይ ብርቱካን ታጠጣለች፣
ከመሸ ስልክ አታነሳም።
ለምን እንደማይነካ ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።
«ይቆይ» ብዬ ተጫንኩ።

ታማኝነት እንዳይመስላችሁ።
ፍርሃት ነው።
ፍርሃት መሥሪያ ቤት ሲቀጠር
ስሙ ጥንቃቄ ነው።

አጥፍቼ አበራሁት።
ጥቁር ስክሪን። ሁለት ፊደል።
ኤል። አይ።
ከዚያ ወዲያ ዝም።
የገዛ ስሙን ጀምሮ ግማሹ ላይ የቆመ፣
ሊናገር አፉን ከፍቶ ምን ሊል እንደነበር የጠፋው፣ የደከመ።

ጎረቤታችን ወርሰሜ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።
የሽመንደፈር ሐዲድ ቀያሪ የነበረው።
ባቡሩ ሲቆም፣ የሰርግ ጥሪ ማደል ያዘ በየሰፈሩ፤
ፊደል አልቆጠረም፣ የቤት ቁጥር አይገባውም፣ እርምጃ ነው ምስጢሩ፦
ከሐዲዱ መቶ ሃያ፣ ከሾላዋ ወደ ግራ፣
ሰማያዊ በር፣ አንኳኳ፣ ተጣራ።
ደቻቱ የሞላ ዓመት ያ ረድፍ ሁሉ ሄደ፤
ሾላዋም፣ ሰማያዊው በርም፣ ከነመቃኑ ተናደ።
የተረፉት ወደ ላይ ሲዛወሩ
ለወርሰሜ ማንም አልነገረው፣ ሁሉም ያውቃል ብለው ቀሩ።
እሱ ጥሪውን ይዞ መቶ ሃያ ቆጠረ፣
ወደ ግራ ዞረ፣
ባዶ አሸዋ ላይ ቆሞ
«ቤቶች!» አለ።
ደገመ። «ቤቶች!»
እኛ ልጆቹ ከድልድዩ ላይ ሆነን ሳቅን።

ሊሎም እንደሱ ነው። ስም አያነብም።
ፋይል፣ ማህደር፣ እነዚህን አያውቅም።
በዲስኩ ላይ ይህን ያህል ሂድ፣ እዚያ ያለውን አንሳ፣
ይህችው ናት እውቀቱ፤ አንድ ጊዜ ከያዛት የማይረሳ።
እኔ ጓዙን ሁሉ አዛወርኩ፣
እሱን እዚያው ተውኩ፣
አድራሻውን ግን ሳልነግረው፣
ሲጣራ ሰማሁት፣ አሸዋ ላይ ነው።

ፍላሽ ሰካሁ። በጓሮ በር ገባሁ።
መድኃኒቱ አንዲት ትእዛዝ ናት፣ የራሱ ስም ናት፦
ሊሎ።
ስትጠራው ከእንቅልፉ ነቅቶ እንደገና ይቆጥራል።
(ወርሰሜንም እንዲሁ ነው፤ ልጁ ዘሃራ በማግስቱ እጁን ይዛ
ከአሮጌው ሾላ ጉቶ እስከ አዲሱ በር አብራው ተጓዘች።
ሦስት መቶ አርባ። ከዚያ በኋላ አንድም ቤት አልሳተ።)

አንድ ቀን ይህ ብረት ራሱ ይወድቃል፤
የሚተካው ብረት ሊሎ የሚባል አያውቅም፣ ገና ደጅ ላይ ይመልሰዋል።
ያን ቀን የኢፍቱ ቃል አያድነውም።
እኔም ያኔ ጥንቃቄ ነው ብዬ አልዋሽም።
ዛሬ ግን፣ ከቃሏ ሥር፣ ሌላ መሰላል አቆምኩና
ጻፍኩ፦
«ቤት ስትለውጡ ንገሩት።»

ሊነጋጋ ሲል ሰርቨሩ ተነሳ።
አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱን ስከፍት
ከገንደ ቆሬ የመጣች ሴት ቢሏን ዘረጋችልኝ፦
«ይሄ ቆጣሪ የኔ አይደለም» አለች፣
«የድሮ ቤቴ ነው።»